ሮሪ ፓይበስ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ያደረጉት ዘመቻ

ሞዐ ስሕተት ዘእምነገደ ፓይበስ፣ ሥዩመ ሰው ኃይል፣ ጸሐፌ ኮድ ዘሆባርት ወዘአድያሚሃ፣ ታላቁ ሮሪ ብሎጋቸውን በከፈቱ በዘጠነኛው ዓመት፣ ጃሮድ በድርጅቱ ላይ በነገሠ በአምስተኛው፣ ከሦስተኛው የመዋቅር ለውጥ በኋላ ከአራተኛውም በፊት፣ ማሽን ይጽፋል ማሽንም ይፈትሻል ሰው ግን ያጨበጭባል በተባለበት ዘመን፣ በወርኃ ሐምሌ፣ በዚያች በዓለም ደቡብ ጫፍ ባለች ከተማ ብርዱ በሚጠናበት፣ ተራራው በረዶ ለብሶ ነፋሱ በወንዙ ዳር የሚሄደውን ሁሉ አንገት በሚያስደፋበት በዚያ ሰሞን የሆነውን ዜና እንጽፋለን። የድርጅቱን ስም ግን ለጊዜው እናቆየዋለን። ሥራው ለጀልባ ማቆሚያ ቦታ በስልክ ማስያዝ ነው፤ ይህን ያህል ይበቃል።

አስቀድሞ የብሎጋቸውን ነገር መናገር ይገባል። ሮሪ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ብሎጉን አምስት ጊዜ ከመሠረቱ አፍርሰው አምስት ጊዜ ሠርተውታል፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው የሚሉ ምቀኞችም አልጠፉም። መጀመሪያ ፊደሉ ቀጠነ ብለው አፈረሱት፣ ሁለተኛ ፊደሉ ወፈረ ብለው አፈረሱት፣ ሦስተኛ ገጹ ለመከፈት ሁለት ሰከንድ ይፈጃል ብለው አፈረሱት፣ አራተኛውንና አምስተኛውን ለምን እንዳፈረሱት እሳቸውም አያስታውሱም፤ በመጨረሻ የቆመው ግን በቅጽበተ ዓይን የሚከፈት ባዶ ገጽ ሆነ። በዚህ ሁሉ ዘመን የወጡት ጽሑፎች አራት ሲሆኑ፣ ሦስቱ «ለረጅም ጊዜ ባለመጻፌ ይቅርታ» የሚሉ ናቸው። አንባቢዎቻቸውም ሦስት ነበሩ፤ እናታቸው በሎንሴስተን፣ ስሙ ያልታወቀ አንድ ሰው በላትቪያ፣ እና ገጹ አለመውደቁን በየሰዓቱ እየመጣ የሚያይ ማሽን። እኛ አንቆጠርም፤ አጠገባቸው ስለምንቀመጥ የምናነበው በትከሻቸው ላይ አሾልቀን ነበር።

ደግሞ ይህ ልብ ይባል። ሮሪ እንደ ሙያቸው ልማድ የብሎጋቸውን ጓዳ ክፍት አድርገው ነው የሚያኖሩት፤ አንዲት ፊደል ስትጨመርም ስትነሣም ቀኑና ሰዓቱ፣ አሮጌውና አዲሱ ቃል፣ ለምን እንደ ተለወጠም በገዛ እጃቸው የጻፉት አጭር ማስታወሻ፣ ማንም በሚያየው የለውጥ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ይህን ያደረጉት ሌላው እንዲማርበት ነው፤ ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ከፍቶ ስላላየው መዝገቡ ለሰው ሁሉ ክፍት መሆኑን ራሳቸውም ረስተውታል። እኛ ዜናውን የቀዳነው ከዚያ ነው፤ ከራሳችን የጨመርነው ማዕረጉን ብቻ ነው።

የዘመቻው ምክንያት ግሌኒስ ናት። እሷን በአንቱታ ባለመጥራታችን አይፈረድብን፤ አንቱ ሲሏት «ምነው፣ ማን ሞተ?» ትል ነበርና። ግሌኒስ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዋ የእኛን ፕሮግራም እየሞከረች ስሕተታችንን መልቀም ነበር። የሻይ ኩባያዋን ይዛ ወደ አንዱ ጠረጴዛ ጠጋ ብላ «የኔ ጌታ፣ አንዲት ነገር አገኘሁ» ስትል፣ ስንቱ ጀግና ወንበሩ ላይ ይቀልጥ ነበር። በጀልባ እሽቅድምድም በዓል ዋዜማ ፕሮግራሙ ለአርባ ጀልባ አንድ ማቆሚያ ሊሰጥ ሲል ያገኘችው እሷ ናት፤ የተመሰገንነው እኛ ነን።

ወእምዝ በዕለተ ሐሙስ ጃሮድ ሁላችንንም፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠን ሳለን፣ በቪዲዮ ሰበሰበን፤ አዋጁም ይህ ነበር፦

«ሰላም ቤተሰብ! ደስ የማይል፣ ግን ደግሞ ደስ የሚል ዜና አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ፍተሻውን ማሽን ይሠራልናል። ግሌኒስዬ፣ አንቺ የዚህ ቤት ምሰሶ ነሽ፤ ጉዞሽ ግን እዚህ ጋ ያበቃል። እንወድሻለን፣ ታውቂያለሽ። ጥያቄ ያለው? የለም? በጣም አሪፍ!»

ግሌኒስ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ድምፅዋ ግን ከላይ ተዘግቶ ነበርና ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ አየን፤ ቀጥሎም የነበረችባት ትንሽ ሳጥን ጠቆረች። ሁሉም በዘጠኝ ደቂቃ አለቀ። እኛም ዝም አይነቅዝም ብለን ዝም አልን። ከስብሰባው በኋላ በድርጅቱ የውስጥ ገጽ በወጣው ማስታወቂያ ሥር ሃያ ስድስት ቀይ ልቦች ተደረደሩ፤ አንዱ የእኛ ነው። ወንበሯ ላይ የቀረው አረንጓዴ ሹራቧ ብቻ ነበር።

በእሑድ ከሰዓት በኋላ ሮሪ ሙና ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ካሪ የገባበትን የስካሎፕ፣ ማለትም የባሕር ዛጎል ሥጋ፣ ፓይ ግማሹን በልተው ግማሹን ገፍተው፣ ቁጣ ሞልቶባቸው፣ ሆድ ይፍጀው ማለት ይብቃ ብለው ተነሡ፤ ኪቦርዱንም እንደ ነጋሪት ጎሰሙት፤ በመጀመሪያውም ምት ይህች ዓረፍተ ነገር ወጣች፦

«ሐሙስ ዕለት ግሌኒስን በዘጠኝ ደቂቃ የቪዲዮ ስብሰባ አባረሯት፤ ሁላችንም ዝም አልን።»

እውነት ለመናገር ጥሩ ዓረፍተ ነገር ናት። ያ ሁሉ የፈረሰና የተሠራ ገጽ ለእሷ ማደሪያ ሲዘጋጅ የኖረ ይመስላል። ሮሪ ያን ጊዜ አውጥተዋት ፓያቸውን ጨርሰው ቢሆን፣ ይህ ዜና እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

ነገር ግን ጠቢብ የጦር አዝማች ማፈግፈግንም ያውቃል። በሁለተኛው ለውጥ «አባረሯት» ቦታዋን ለቃ «አሰናበቷት» ሰፈረች፤ ማስታወሻው «ትንሽ ማለስለስ» ይላል። በአምስተኛው «ተሰናበተች» ሆነ፤ ማስታወሻው፣ «ማን እንዳደረገው ይታወቃል»። በሰባተኛው ዘጠኙ ደቂቃ በጦር ሜዳ ወደቁ፤ «ቁጥር ይጎረብጣል»። በዘጠነኛው «ሁላችንም ዝም አልን» ያለችው ሳትታይ ወጣች፤ «ይሄ እኔንም ይነካል»። በአሥራ አንደኛው ግሌኒስ ራሷ ተነሥታ «አንዲት ባልደረባችን» ተተካች፤ ማስታወሻውም «ጃሮድ ሊያነበው ይችላል» ይላል። በአሥራ ሁለተኛው ሮሪ እንደ አንበሳ አገሡ፣ ስሟንም መለሱ፣ ለአራት ደቂቃም ያህል ጸኑ። በአሥራ ሦስተኛው አወጡት፤ «እንደገና ጃሮድ»። ከአሥራ አራተኛው እስከ አሥራ ዘጠነኛው የተደረገው ውጊያ በአንዲት ነጠላ ሰረዝ ዙሪያ ስለ ነበር አንዘረዝረውም። በሃያኛው «የአንዲት ባልደረባችን ጉዞ ተጠናቀቀ» ሆነ፣ በሃያ ሁለተኛው «ለውጥ ከባድ ነው» ሆነ፣ በሃያ ሦስተኛውና በመጨረሻውም «ለውጥ ዕድል ነው» ሆነ። ማስታወሻው፣ «አሁን ይሻላል»።

ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ጽሑፉ ወጣ። በሦስት ሰዓት፣ ሁላችንም እንዳይረዝም ተብሎ በቁም በምንሰበሰብበትና ሁልጊዜም በሚረዝመው ስብሰባ ላይ፣ ጃሮድ ስልኩን ከፍ አድርጎ አወጀ፦

«ስሙኝማ ጎበዝ! ሮሪ የጻፈውን ያላነበበ አለ? እኔማ ሳነበው እንባዬ ሊመጣ ነበር። ‹ለውጥ ዕድል ነው!› እንዲህ ነው እንጂ! ይቺን ግድግዳ ላይ እንለጥፋታለን፣ ትልቅ አድርገን። አንተ ጉድ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ የት ደብቀኸው ነው? ከዛሬ ጀምሮ የባህላችን አለቃ ነህ። ሥራህ ያው ነው፤ ስሙ ግን አዲስ ነው!»

ቃሉም በሰማያዊ ፊደል ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ከግሌኒስ ወንበር በላይ ሌላ ባዶ ቦታ አልነበረምና እዚያው ላይ ሆነ። በዕለተ ዓርብ ለሹመቱ ክብር በግቢው ቋሊማ ተጠበሰ፤ ሰልፉም እንዲህ ነበር። ከፊት ጃሮድ መቆንጠጫ ይዞ፣ ቀጥሎ አንድ ዓይነት እጅጌ የለሽ ጃኬት የለበሱ ሦስት ዲዛይነሮች፣ አንድ ሰው በጋራ የሚያዙ ሁለት የምርት አለቆች፣ ያ የሚታዘዘው ሰው፣ ማንንም የማያዝ የምህንድስና አለቃ፣ ከቤቱ ሆኖ ስለሚሠራ በላፕቶፕ ውስጥ ሆኖ ሰው የተሸከመው የመረጃ ሊቅ፣ በመጨረሻም ፒክልስ የተባለው የጃሮድ ውሻ፣ እሱም በድርጅቱ ገጽ ላይ «የደስታ ኃላፊ» ተብሎ ፎቶው የወጣና፣ የግሌኒስ ፎቶ ሲነሣ አንድ ረድፍ ከፍ ያለ። ሮሪም በዳቦ የተጠቀለለውን ቋሊማ ከነሽንኩርቱ ተቀበሉ። አንዴ ጎርሰው የቀረውን ለፒክልስ ሲሰጡት አየናቸው።

ወእምዝ በማግስቱ ማክሰኞ፣ ማለትም ቅዳሜና እሑድና ሰኞ በሰላም ካለፉ በኋላ፣ በብሎጉ ጓዳ ውስጥ፣ አንባቢ ስሕተት ካገኘ እንዲጽፍበት በተከፈተውና ማንም ጽፎበት በማያውቀው ቦታ ላይ፣ ይህ አዋጅ ተነገረ፦

«ስሕተት፦ ከጽሑፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ጠፍቷል።
እንዴት ይታያል፦ ገጹን ክፈትና አንብብ። ከዚያ የለውጥ መዝገቡን ክፈትና ከአንድ እስከ ሃያ ሦስት ውረድ።
መሆን የነበረበት፦ እኔ እዚያ ውስጥ ነበርኩ።
የሆነው፦ ዕድል ሆኛለሁ።
ክብደት፦ ቀላል። ማንም አልሞተም።
ሮሪዬ፣ የኔ ልጅ፣ ተናድዳ ነው እንዳትል። አሥራ አንድ ዓመት ስሕተትህን ስለቅም ኖሬ ይቺን ባልፋት እንቅልፍ አይወስደኝም። ደሞ ሹራቤን ከወንበሩ ላይ አንሣልኝ፣ ውሻው ሳይተኛበት። ግሌኒስ።»

ሮሪ ይህን አንብበው እስከ ጆሯቸው ቀሉ። ተነሥተው ሹራቡን አጠፉና መሳቢያቸው ውስጥ አኖሩት። ከዚያ ተቀምጠው፣ የሙያው አባቶች ያወረሷቸውን ጥንታዊ ጋሻ አንሥተው «እኔ ጋ አይታይም» ብለው አቤቱታውን ዘጉት። ደቂቃ ሳይሞላ ግሌኒስ መልሳ ከፈተችው፦ «እኔ ጋ ይታያል። መነጽሬን አውልቄም ይታያል።» ሁለተኛውን ጋሻ አነሡና «ሆን ተብሎ የተደረገ ነው» ብለው ዘጉት። እንደገና ተከፈተ፦ «እሱንማ አየሁ። ማስታወሻህን አንብቤያለሁ፤ አሥራ አንደኛውን በተለይ።» የቀራቸው ሦስተኛውና የመጨረሻው ጋሻ ነበር፤ እሱም «አይስተካከልም» ይባላል። ጻፉት። ጣታቸውንም ቁልፉ ላይ አኖሩ።

አልተጫኑትም። እስከ ምሳ ድረስ እንዲያ ተቀመጡ፤ እኛም የራሳችንን ሥራ የምንሠራ መስለን በትከሻቸው ላይ እናይ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ቢጫኑት ደስ ይለን ነበር። ከእኛ የባሰ ፈሪ ማየት ያጽናናልና።

በሰባት ሰዓት ሃያ አራተኛው ለውጥ ሆነ። ነጋሪት አልተመታም። ያቺ ዓረፍተ ነገር እንደ መጀመሪያዋ፣ ከነስሟ፣ ከነዘጠኝ ደቂቃዋ፣ ከነዝምታችን ገባች፤ ማስታወሻው አንድ ቃል ነው፦ «መለስኳት»።

ከግሌኒስም የመጨረሻው አዋጅ መጣ፦ «አየሁ። ተስተካክሏል። ዘግቼዋለሁ። ጎሽ የኔ ልጅ! ቁርጥማቴ እንኳ ቀለል አለኝ።»

የሚሆነውም ሆነ። በማግስቱ ረቡዕ ሰማያዊው ፊደል ከግድግዳው ተፋቀ፣ የባህል አለቃነቱም ሹመት ለፒክልስ ተላለፈ። ሐሙስ ዕለት ሁላችንም በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነን በቪዲዮ ተሰበሰብን፤ ጃሮድም «ሰላም ቤተሰብ! ደስ የማይል፣ ግን ደግሞ ደስ የሚል ዜና አለኝ» ብሎ ጀመረ። በዚህ ጊዜ የፈጀው ሰባት ደቂቃ ነው፤ ሥራ ሲለምዱት ይቀላል። ሮሪ በሳጥናቸው ውስጥ አረንጓዴውን ሹራብ በብብታቸው ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ ለመናገርም አልሞከሩም፤ የሚሉትን ብለው ጨርሰዋል። እኛ ማይካችንን ከፈትን፣ ጉሮሯችንን ጠረግን፣ መልሰን ዘጋነው። በማስታወቂያው ሥር ልብ አላኖርንም፤ አውራ ጣት ነው ያኖርነው። ለዚህ ድፍረታችን ምስጋና አንሻም።

እነሆ ሮሪ ፓይበስ፣ ሃያ ጊዜ ያህል ሸሽተው አንድ ጊዜ የቆሙ፣ ገጻቸው በቅጽበተ ዓይን የሚከፈት፣ አንባቢያቸው ጃሮድ ሳይቆጠር ከሦስት ወደ አራት ያደገ፣ የአራተኛዋን ሹራብ በእጃቸው ወስደው ደጇ ድረስ ያደረሱ፤ ክብራቸው ከተራራው በረዶ ይልቅ ይንጣ፣ የለውጥ መዝገባቸውም ለልጅ ልጅ ይነበብ፤ እንደ እሳቸው ያለ ጀግና በዚያ ጣሪያ ሥር አልነበረም፣ ዛሬም የለም፤ ይህን በየቀኑ እዚያ የምንውለው እኛ እንመሰክራለን።

ይህን ያነበበ ይባረክ፣ የሰማም ይባረክ። የጸሐፊው ስም በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ነበረ፤ በሰባተኛው ወጣ። ማስታወሻውም እንዲህ ይላል፦ «ጃሮድ ሊያነበው ይችላል»።