ሕያው ድንጋይ በግምገማ ፊት

እንጅባራ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን ለክብሩ ስንል የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ለአገር ያበረከተው ብዙ ነው ቢባልም እስካሁን ተለይቶ የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ በባሕር ውሃ የተሞላ አኳሪየም፣ ማለትም የዓሣ ማኖሪያ መስታወት። የዚህ ታላቅ ሥራ ጠንሳሽም የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ሽባባው ናቸው።

አቶ ሽባባው ከዚህ ዓለም የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ ወደ ባሕር ዳር መዛወር። ባለቤታቸው ወይዘሮ እመቤት የእንጅባራን ዝናብ አንድ ክረምት ቀምሰው «እኔስ በቃኝ» ብለው ልጆቹን ይዘው ባሕር ዳር ከገቡ ወዲህ፣ ሰውየው ብርድ ብርድ በሚል ቤት ብቻቸውን ሽሮ ሲያንተከትኩ ይከርማሉ። የዝውውር ጥያቄያቸው በየዓመቱ «በመታየት ላይ ነው» ይባላል። ታዲያ የክልሉ ገምጋሚ ቡድን ምርጥ ተሞክሮ ፍለጋ ሊመጣ መሆኑን ሲሰሙ፣ አሁን ካልታየሁ መቼ ልታይ ነው ብለው ተነሡ። አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄደው ሆቴል ውስጥ ያዩት ባለቀለም የባሕር ዓሣ ትዝ አላቸው።

መስታወቱ መጣ፤ ጨዉ መጣ፤ በመጨረሻም በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ከባሕር የወጣ ድንጋይ መጣ። ሻጩ በስልክ ሁሉን አስረዳቸው። ድንጋዩ ሕያው ነው። በየቀዳዳው የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን የዓሣውን ቆሻሻ ወደማይጎዳ ነገር ይለውጡታል። እነሱ እስኪበረክቱ ድረስ ለሳምንታት ዓሣ አይገባም፤ ድንጋዩም በፍጹም አይታጠብም። አቶ ሽባባው በጥሞና አዳመጡ። በጥሞና በማዳመጥ የሚስተካከላቸው የለም፤ ከዚያ በኋላ የሚያደርጉት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ድንጋዩ ሥራውን ጀመረ። ከሌላው ሠራተኛ የሚለየው በሥራ ሰዓት ከቦታው አለመጥፋቱ ነበር። ውሃው ደፈረሰ፤ መስታወቱ ላይ ቡናማ ነገር ተለጠፈ፤ አንድ ቀንም ከድንጋዩ ቀዳዳ ትል ብቅ አለ። ሻጩ ቢያይ ኖሮ እሰይ፣ ሕይወት ይዟል ይል ነበር። መሥሪያ ቤቱ ግን ደነገጠ።

በዚያ ቤት ደንብ ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ገብቶ ሳይገመገም የሚኖር ፍጡር የለም። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ድንጋዩ ተገመገመ። ምክትሉ አቶ ቢሻው ስንት ሳምንት ውሃ ውስጥ ተኝቶ አንድ ውጤት እንኳ አላሳየም ሲሉ ወቀሱት። የንብረት ክፍሏ ይታይሽ ደግሞ ትሉ ያለ ማስታወቂያና ያለ ፈተና መቀጠሩን አጋለጠች።

«ግለ ሂስ ያድርግ» አሉ አቶ ቢሻው።

ድንጋዩ ዝም አለ። ዝምታው ንቀት ነው ተባለ፤ ቤቱም በአንድ ድምፅ ድንጋዩ እንዲታጠብ ወሰነ። አቶ ሽባባው የሻጩ ቃል ትዝ አላቸው። ግን ገምጋሚዎቹ ሊደርሱ ነው፤ እንግዳ ሊመጣ ሲል የማይጸዳ ነገር ደግሞ እሳቸው በሕይወታቸው አይተው አያውቁም።

እሑድ በተጠራው የጽዳት ዘመቻ ድንጋዩ በበረኪና ተዘፈዘፈ፣ በብሩሽ ተፈተገ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። አቤት መንጣቱ! ተሕዋስያኑም ትሉም አንድ ሳይቀሩ አለቁ። ማምሻውን ዓሦቹ በአውቶቡስ ደርሰው በጭብጨባ ገቡ፤ ሲነጋ ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው ተገኙ። አቶ ሽባባው እንባቸው መጣ። ለዓሦቹ አልነበረም፤ ልጆቻቸው ፊታቸው ላይ ድቅን ብለውባቸው ነው። ይታይሽ ዓሦቹን አውጥታ ከመጣሏ የገምጋሚዎቹ መኪና ግቢ ገባ።

የቡድኑ መሪ አቶ ምህረቴ ጎንበስ ብለው መስታወቱን ተመለከቱ።

«ዓሦቹስ?»

«ለመስክ ሥራ ወጥተዋል» አሉ አቶ ሽባባው፣ አፋቸው ያመጣላቸውን።

አቶ ምህረቴ አልተጠራጠሩም። በየደረሱበት መሥሪያ ቤት ሲነገራቸው የከረመው ይኸው ነበር።

«ይሄኛውስ?» አሉ ወደ ድንጋዩ እያዩ።

«እሱ ሁልጊዜ ቢሮ ነው።»

የቡድኑ አባላት ተያዩ። ንጹሕ ነው፤ አበል አይጠይቅም፤ አቤቱታ አያቀርብም፤ ከሁሉም በላይ በቦታው አለ። ሊመክሩ ወደ ጎን ሲወጡ አቶ ሽባባው ልባቸው በደስታ ዘለለች፤ ባሕር ዳር ደውለው ወይዘሮ እመቤትን ራት እንዲጠብቋቸው ነገሯቸው።

ሠራተኛው አዳራሽ ተሰበሰበ። አቶ ምህረቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንዲህ ያለ አርአያ በአንድ ዞን ተወስኖ መቅረት የለበትም። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ባሕር ዳር እንዲዛወር ወስነናል።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አቶ ሽባባው ተነሥተው እጅ ነሡ፤ ቤተሰባቸውን እያመሰገኑ ንግግር ጀመሩ።

«ይቀመጡ እንጂ አቶ ሽባባው» አሉ አቶ ምህረቴ በፍቅር። «ድንጋዩን ማለቴ ነው። እርስዎማ እንዲህ ያለ ሠራተኛ የሚያፈሩ ሰው፣ ከዚህ ማን ይነቅልዎታል?»

ድንጋዩ በዚያው ቀን በመንግሥት መኪና፣ በፊተኛው ወንበር፣ ቀበቶ ታስሮለት ተነሣ። ዝናቡ ውስጥ ቆመው በሩን የዘጉለት አቶ ሽባባው ናቸው።