የድራማዋን አማት ላለመምሰል

የቴሌቪዥን ድራማ የምታዩ ሰዎች፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ደግ አማት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። የባል እናት ገና በሩን ሳትከፍት የሚያስፈራ ሙዚቃ ይቀድማታል። ወርቋን ደርድራ ሶፋው መሃል ትቀመጥና ምስኪኗን ልጅ ታፋጥጣታለች፤ «የማን ልጅ ነሽ? አባትሽ ምን ይሠራል?» እንዲህ ስረግማት ኖሬ፣ ለካ ተራው የእኔ ኖሯል።

ዱከም ፋብሪካ የሚሠራው ልጄ ለሊሴ የምትባል የወለንጪቲ ልጅ ሊያገባ ነው። «ከተግባባችሁ ጓሮ ያለችው ክፍል እንገባለን፤ ካልሆነ ዱከም እንከራያለን» አለኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በቤቴ ከዚህ ልጅ ሌላ ኮቴ የለም። እናም ልጅቷ ልትተዋወቀኝ የመጣች ዕለት ወርቄን አወለቅሁ፣ ፈገግታዬን አጠለቅሁ፣ ጥያቄ የሚባል ነገር ከአፌ እንዳይወጣ ማልኩ። «ብዪ የኔ ቆንጆ፣ ጠጪ የኔ ቆንጆ» ብቻ።

እሷ ደግሞ እግሯን አነባብራ ስልኳን ስትነካካ ዋለች። አንገቷን የደፋች ምራት ምን እንደሚደርስባት እሷም በድራማ ሳታይ አልቀረችም።

በማግስቱ ልጄ ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

«እማ፣ ስለ ቤተሰቧ አንድ ቃል አልጠየቅሻትም። እንደ ሰው አልቆጠሩኝም ብላ አለቀሰች። ፈገግታሽም አስፈርቷታል፤ በድራማው መርዝ የምታበላዋን ሴትዮ ይመስላሉ ነው የምትለው።»

ሕሊናዬ ቆጠቆጠኝ። አዳማ ተወልጄ አድጌ፣ ሰላምታ ማለት ከሰው አልፎ እስከ ከብቱና እስከ ዝናቡ መጠየቅ መሆኑ እንዴት ይጠፋኛል? ጎረቤቴን ዘይነባን ባማክራት ሳቀችብኝ።

«አንቺ ሞኝ! ደውዪና በወጉ ጠይቂያታ!»

ደወልኩ። «ለሊሴ፣ አካም ጅርታ? እናትሽ ደህና ናቸው? አባትሽስ? ከብቶቹስ?»

«እትዬ ስንዱ፣ ከብት እንዳለን ማን ነገረዎት? ሰው ልከው አስጠኑን እንዴ?» አለችኝ።

«ወለንጪቲ ከብት የሌለው ማን አለ ብዬ ነው» ልላት አፌን ከፈትኩና፣ «ገጠሬ አሉኝ» ብትልስ ብዬ መልሼ ዘጋሁት። እኔም ዝም፣ እሷም ዝም። ይሄኛው ዝምታዬ ደግሞ የየትኛዋ አማት እንደሆነ እሷ ታውቃለች።