ሊቀ ዓሣ ሣህሉ

በየከተማው፣ ሰው በሰላም እንዳይጎርስ የሚያደርግ አንድ አዋቂ አይጠፋም። አንዱ ጋ ሐኪም ነው፤ ጮማ ሲያይ ስለ ልብ ድካም ያወራል። ሌላው ጋ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የፈረደውን ፍርድ ያነሣል። ለባሕር ዳር የደረሳት ግን የዓሣ አዋቂ ነው። የሺአረግ ደግሞ፣ ምን ብትበድል ነው፣ ይህንኑ ሰው አገባችው።

ሣህሉ ይባላል። መሥሪያ ቤቱ የጣናን ዓሣ እንዲያጠና ቀጠረው፤ ከተማው ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው «ሊቀ ዓሣ» ብሎ ሾመው። ምግብ ቤት ገብቶ አጠገቡ ላለ ሰው ጥብስ ዓሣ ከመጣለት አለቀ፤ ወንበሩን ስቦ ይጠጋል። «ቆይ ላስረዳህ!» ሰውየው ርቦታል እኮ! ሊቀ ዓሣ ግን ስለ ጥርሱ፣ ስለ አንጀቱ፣ የዋኘበትን ሳይቀር አስረድቶ ሲነሣ ጥብሱ በርዷል፣ ሰውየውም ቀፎታል። ልቅሶ ቤት እንኳ አይምርም። አንዴ የሟች ወንድም «ነፍሱን ይማረውና ዓሣ ይወድ ነበር» ቢል፣ ከድንኳኑ ጥግ «ቆይ ላስረዳህ» የሚል ድምፅ መጣ። ያን ዕለት የሺአረግ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቤት ውስጥማ አይነሣ። ስታስተምር ውላ ደክሟት ስትገባ፣ ልብስ የምታጥብበት ሳፋ ላይ ሆዱ የተከፈተ ዓሣ፣ አንድ ቀን ቀረሶ፣ ሌላ ቀን ነጭ ዓሣ፣ ተጋድሞ ይጠብቃታል። «ጊዮርጊስ ሆይ፣ ይህን ሰው አንድ ቀን ዝም አሰኝልኝ» ያላለችበት ሳምንት የለም።

አንድ ነገር ሲያስረዳ ግን ድምፁ ይሰበራል። ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣ ከሐይቁ ተነሥቶ እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባል፤ ሽቅብ ወጥቶ ጠጠር ላይ እንቁላሉን ሊጥል ነው። አንድ የዓሣ አምራቾች ማኅበር ታዲያ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ አገኘና የወንዙን አፍ ከዳር እስከ ዳር ይዘጋው ጀመር። እናቶቹ እንቁላል እንደተሸከሙ ይያዛሉ። «ሁለት ወር ብቻ ተዉት፣ ዘሩ ያልቃል» እያለ ሣህሉ ያልገባበት ቢሮ የለም። «ዕቅድ አለብን፣ ጓድ» ብለው ይሸኙታል። ከሐሙሲት ወዲያ ማዶ ወንዙ ዳር ውሎ በመጣ ቀን እራት አይበላም።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ሲያልቅ፣ ይህ የቄስ ልጅ አንድ ብልሃት መጣለት። ከተማው ዓሣ የሚሻማው በፍልሰታ ጾም ነው፤ ዓሣው ወንዝ አፍ የሚሰበሰበውም ያኔ ነው። ገዢ ከሌለ ማን መረብ ይጥላል? የአባቱ ወዳጅ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ዘንድ ሄደ።

«አባ፣ ዓሣ በጾም አይበላም ብለው ያስተምሩልኝ።»

«ሥርዓቱስ እንደዚያው ነበር፤ ሰዉ አልሰማ ብሎ እንጂ። ግን ለነፍሳችን አስበህ ነው ወይስ ለዓሣው?»

«ለዓሣው ነው፣ አባ።»

መሪጌታ ሳቁ። «እንኳን አልዋሸኸኝ። አስተምራለሁ።»

አስተማሩ። ያውም እንዴት አድርገው! በፍልሰታ ዓሣ የቀመሰ ለሥጋ ወደሙ እንዳይቀርብ አሉና፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ሽሮውን ይዞ ተቀመጠ። የማኅበሩ ዓሣ ወደቡ ላይ ሸተተ፤ መረቡም ተሰብስቦ መጋዘን ገባ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? መሪጌታ ግን ውለታ የማይረሱ ሰው ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ይህን ያሳሰበን ልጃችን ሣህሉ ነው፤ ዕድሜውን ያርዝምልን» ብለው በስሙ መረቁት። ሕዝቡም «አሜን» አለ። አሜን ካሉት መካከል አንዱ የቀበሌው ሰው ነበር።

ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አንዳርጋቸው ቆሞ፣ ሣህሉ ከአድኃሪ ቄስ ጋር አብሮ በሕዝብ ምርት ላይ አሻጥር ሠርቷል አለ። አሻጥር የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የሺአረግ ጧት እግሩ ላይ ወድቃ ነበር። «ግለ ሂስህን አድርግና እንውጣ። በእመቤታችን ይዤሃለሁ፣ ለእነሱ አታስረዳ!»

ሣህሉ ተነሣ። «ተሳስቻለሁ» አለና ተቀመጠ።

አዳራሹ ቀሪውን ሊሰማ ጠበቀ። ቀሪ የለም። ያ ሬሳ ፊት እንኳ አፉን የማይዝ ሰው አንገቱን ደፍቶ ጉልበቱን ያያል። አንዳርጋቸው ደስ አለው። «ጥሩ ነው። ጓድ ሣህሉ ከጥናቱ ተነሥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራል። መረቡም ከነገ ጀምሮ ጉማራ አፍ ላይ ይጣላል። ተቃውሞ ያለው?»

የሺአረግ ዞራ ባሏን አየችው። ስትለምነው የኖረችው ዝምታ እንዲህ እንደሚያስጠላ ማን ነገራት! እጇን አነሣች።

«እኔ አለኝ» ብላ ቆመች። «ቀረሶው እኮ ወንዝ የሚወጣው ሊወልድ ነው! እናቶቹን ደጃፉ ላይ ከፈጃችኋቸው ነገ ልጆቻችን ምን ሊበሉ ነው? ሁለት ወር መታገሥ እንዲህ ያቅታል?»

«ጓድ የሺአረግ፣ ይቀመጡ።»

ተቀመጠች። የሳቀባት የለም። መረቡ እንዲጣል የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለና ከባልና ሚስቱ በቀር የአዳራሹ እጅ በሙሉ ወጣ።

በጭቃው እየተደጋገፉ ተመለሱ። ሁለቱም ነገ ጧት ወንዙ አፍ ላይ የሚሆነውን ያውቃሉ። በራቸው ላይ ደርሰው ቁልፉን ስትፈልግ ሣህሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሺዬ... ቀረሶ እኮ ወንዝ አይወጣም። እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው የሚራባው። እኔ ያልሁሽ ነጩን ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ቁልፉን ትወረውርበት ነበር። አሁን ግን በሩን ተደግፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሕዝብ ጢም ብሎ በሞላው አዳራሽ ውስጥ፣ መሳሳቷን ያወቀ እሱ ብቻ ነበር።