ከደረት በላይ የማውቃቸው ኢንጂነር

ኢንጂነር ሴቨር ፕሌሹን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብዬ ልዋሽ አልችልም። ከደረታቸው በታች አይቻቸው አላውቅም። ቁመታቸው ረጅም ይሁን አጭር፣ ሥራ ላይ ሲቀመጡ ሱሪ ይልበሱ አይልበሱ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ቡካሬስት ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እኔ የማውቀው በስልኬ መስታወት ላይ የሚመጣውን ግማሽ ሰው ነው፤ ወፍራም መነጽር፣ ያልተበጠረ ሽበት፣ ከኋላ በምስማር የተሰቀለ የዓሣ መረብ። ስለዚህ የምጽፈው ስለ ግማሽ ሰው ነው። ቀሪውን የሚያውቅ ካለ ያርመኝ።

ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዓለም ላይ ከሩቅ ሆኖ የሚያዝ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ የለም። ሌላ ከተማ ተቀምጦ የእናንተ ሾርባ ጨው እንደበዛበት የሚነግራችሁ እሱ ነው። የልጃችሁን ሳል በስልክ ሰምቶ "ይሄ እንኳ ሳል አይደለም" ብሎ እንቅልፍ የሚያሳጣችሁም እሱ ነው። የእኛ ሰውዬ የሚለዩት ይህንኑ በመንግሥት ፈቃድ፣ በማኅተም፣ በሰው መኖሪያ ላይ በማድረጋቸው ነው።

ክቡር ኢንጂነር የሚኖሩት የዳኑብ ወንዝ ባሕር በሚገባበት ጫፍ፣ በጀልባ ካልሆነ በማይደረስባት በሱሊና ነው። ከመስኮታቸው የሚታየው ረጅሙ ነገር የጀልባ ምሰሶ ነው ይላሉ የሚያሟቸው። እዚያ ሆነው የዋና ከተማችንን ፎቆች ያክማሉ። ነዋሪው ስልክ ይይዛል፤ እሳቸው ያያሉ፣ ያሰላሉ፣ ይከለክላሉ። በተለይ ይከለክላሉ። የሕንጻችን አስተዳዳሪ ኮርኔሊያ ለስብሰባ በምንታጨቅበት የልብስ ማስጫ ክፍል ስታስተዋውቀን፣ የሁለተኛው ፎቅ ዶሪነል ከት ብሎ ሳቀ።

"የአሥር ፎቅ ሐኪም ሸምበቆ ውስጥ አገኘሽልን?" አላት።

"ድምፁ ይቆራረጣል፤ ምን እንዳልክ አልሰማሁም" አሉ ኢንጂነሩ ከስልኩ ውስጥ። "ምንም ብትል ግን አይቻልም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ በደረጃችን ላይ ሰላምታ ሆነ። በረንዳዬን በመስታወት ልዝጋው? አይቻልም። የውሃ ማሞቂያውን በዚህኛው ግድግዳ ላይ ልስቀል? አይቻልም። ኮርኔሊያ ለገና በመግቢያው ዓምድ ላይ መብራት ለመጠምጠም ብትጠይቃቸው፣ ወደ ስልኩ ቀረብ ብለው "ምስማር አለው?" አሉ።

ሁለተኛው ቃላቸው "ጠጋ በል" ነው። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስልክ ያዥ ሆኜ የተመረጥኩ እኔ ነኝና። የተመረጥኩት እጄ ስለማይንቀጠቀጥ አይደለም፤ ይንቀጠቀጣል። እምቢ ማለት ስለማልችል ነው። ምድር ቤት ቧንቧ መሃል ተንበርክኬ፣ ጣሪያ ላይ ከርግብ ኩስ ጋር ተጋድሜ ይህን ድምፅ ሰምቻለሁ። "ቴዎፊል፣ ጠጋ በል። ጠጋ። አሁን ራቅ። የክብሪት እንጨት ስንጥቁ አጠገብ ያዝልኝ፣ ስፋቱን ልየው። ይሄ ወፍራሙ ምንድን ነው? ጣትህ ነው? አንሳው።" ምስጋና የለም፤ እንደምን አደርክ የለም። አንዳንዴ የእኔን ፊት ቢያዩት የሚያውቁት አይመስለኝም ነበር። ጣቴን ግን ያውቁታል።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃው ዶሪነል ኩሽናውን ለማስፋት የተነሣ ጊዜ ነው። ዶሪነል ክፉ ሰው አይደለም። ሚስቱ በቴሌቪዥን ያየችው ዓይነት፣ ከሳሎን ጋር የተቀላቀለ ኩሽና አማራት። መሃል ላይ ግድግዳ አለ። ግድግዳው ደግሞ የእሱ ነው፤ ገዝቶታል። ማንንም ሳይጠይቅ ቅዳሜ ጠዋት መሰርሰሪያ ማሽን ተከራይቶ መጣ፤ ሕንጻው ሙሉ ቀን ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ሲንቀጠቀጥ ዋለ። እኛስ ምን አደረግን? ደረጃው ላይ ወጥተን "ጆሯችንን አደነቆረው" ተባባልን፣ ራሳችንን ነቀነቅን፣ ተመልሰን ገባን። እንዲህ ነን። ይህን ከተማ አቁሞ የያዘው ሲሚንቶ ሳይሆን "ተወው፣ ይሁን" የሚለው ቃል ይመስለናል።

እሑድ ረፋድ ላይ ታንቲ ዜኖቢያ በሬን አንኳኳች። ከዶሪነል ራስ በላይ፣ በሦስተኛው ፎቅ፣ ከእኔ ጎን የምትኖር ባልቴት ናት። ሰፈሩ ሁሉ ታንቲ፣ አክስቴ እንደማለት፣ ይላታል፤ እሷም ሰፈሩን ሁሉ እንደ እህቷ ልጅ ትቆጣለች።

"ቴዎፊል፣ ግድግዳዬ ፀጉር አበቀለ" አለችኝ።

ሄጄ አየሁ። ከጣሪያው ጥግ ተነሥቶ፣ በምድጃው ጀርባ አጋድሞ የሚወርድ ቀጭን መስመር። ወዲያው ደወልኩ። ኢንጂነሩ ጀልባ ላይ ነበሩ፤ ምስል የለም፣ ድምፃቸውም ይመጣል ይሄዳል። "ከሰዓት ወደቡ ስደርስ... አየዋለሁ... ማንም ምንም እንዳይነካ" ሲሉ ተቆረጠ። እኔም ለታንቲ "ኢንጂነሩ ከሰዓት ሊያዩት ነው" አልኳት።

እንዲያ ማለት አልነበረብኝም። የእኛን አገር ሴት "ሰው ሊያይ ነው" ብሎ ያስጠነቀቀ ሰው የሚሆነውን ማወቅ አለበት።

ከሰዓት ስልኬን ይዤ ስገባ ኩሽናው ያበራል። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ጨርቅ ተነጥፏል። በትንሽ ሰሐን የቼሪ ማርማላታ፣ አጠገቡ ብርጭቆ ውሃ፣ ማንኪያም ጭምር፤ ለኢንጂነሩ። ምድጃው ላይ የሳርማሌ ድስት፣ በጎመን የተጠቀለለ ሥጋ፣ በትንሽ እሳት ቱክ ቱክ ይላል።

"በሩን ዝጋ፤ ሰውየውን ነፋስ ይመታዋል" አለችኝ፣ ስልኩን እያየች።

"ደህና ዋሉ ታንቲ ዜኖቢያ" አሉ ክቡር ኢንጂነር። "ቴዎፊል፣ ስንጥቁ የታለ? ጠጋ በል።"

ጠጋ አልኩ። ግድግዳው እንደ እንቁላል ነጭ ነው።

"ታንቲ፣ ስንጥቁስ?" አልኳት።

"የምን ስንጥቅ? እንግዳ እየመጣ ቤቴ እንደዚያ አፉን ከፍቶ ይጠብቀው? ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ በጀሶ ደፈንኩት፤ ከላዩ ቀለም ደገምኩበት። እኔን እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ አይደለም።"

ኢንጂነሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ይጮኻሉ ብዬ ስልኩን ከፊቴ ራቅ አደረግኩት። አልጮኹም።

"ጀሶው ደርቋል?"

"እንደ አጥንት።"

"ቴዎፊል" አሉ፣ ሰምቼው በማላውቀው ቀስ ያለ ድምፅ፣ "በጣም ጠጋ በል።"

በአዲሱ ቀለም ላይ፣ ከምድጃው በላይ፣ አንድ መስመር ነበረ። ስገባ አላየሁትም። ስገባ ይኑር አይኑርም አላውቅም።

"የጣትህ ጥላ ነው?"

"አይደለም።"

"የክብሪት እንጨቱን ያዝ።"

ያዝኩ። "ገባ" አልኩ።

"ምኑ ገባ?"

"ጫፉ።"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ድስቱ ብቻ ቱክ ቱክ ይላል። "ድሮ እኛ ሆን ብለን ስንጥቅ ላይ ጀሶ እንለጥፍ ነበር" አሉ። "ጀሶው ከተሰበረ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው ማለት ነው። ታንቲ ዜኖቢያ፣ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ማንም አልሠራልኝም። አሁን ጋዙን ያጥፉ። ቴዎፊል፣ ከታች ማን ነው ያለው?"

"ዶሪነል።"

"አሳየኝ። ሩጥ።"

ዶሪነል በአቧራ ነጥቶ፣ ፈገግ ብሎ ከፈተ። ከኋላው ከኩሽና እስከ ሳሎን ወለል ያለ ቤት ይታያል። ከግድግዳው የቀረው በመስኮቱ በኩል አንድ ጉማጅ ነው፤ የተቆረጡ ብረቶች እንደ ዓሣ አጥንት ወጥተዋል።

"አያምርም?" አለኝ።

"ዶሪነል" አለ ስልኩ፣ "ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ ውጣ።"

"ድምፁ ይቆራረጣል፣ አልሰማ..." ብሎ ሊያሾፍ ጀመረ።

ድምፁ አልተቆራረጠም። "ያ ግድግዳ ከራስህ በላይ ያለውን ቤት ሁሉ ተሸክሞ ነበር። አሁን የተሸከመው ያ ጉማጅ ነው። እሱም እየደከመው ነው።"

ዶሪነል ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ከዚያ ሚስቱን በስሟ ጠራት፤ እንደዚያ አድርጎ ሲጠራት ሰምቼው አላውቅም።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተጠሩ። እስኪደርሱ ግን በላያችን ያለው ሰው ሁሉ መውጣት አለበት፤ እሑድ ነው፣ ሁሉም ምሳ በልቶ ተኝቷል።

"ጩኽ ቴዎፊል!"

"አልችልም" አልኩ። እውነቴን ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ እንዲቆምልኝ እንኳ ጮኼ አላውቅም።

"እንግዲያው ስልኩን ድምፁን ጨምረህ ከፍ አድርገህ ያዘኝ።"

እንደ ችቦ ከፍ አድርጌ ያዝኳቸውና ደረጃውን ሮጥኩ። ኢንጂነር ሴቨር ፕሌሹ ከዳኑብ ጫፍ ሆነው በእኛ ደረጃ ላይ ጮኹ። "ተነሡ! ካፖርት ብቻ! ሊፍቱን እንዳትነኩ! አይ እመቤቴ፣ ድመቷን እሺ፣ ምንጣፉን አይቻልም!" በሮች ተከፈቱ። አንዱ በፒጃማ፣ አንዷ ፀጉሯን በቢጎዲን እንደጠቀለለች፣ ሁሉም ይህን በአየር ላይ የሚሄድ ግማሽ ሰው እያዩ ወረዱ። የተከራከረ አልነበረም፤ አንዲት ሴት ብቻ ቀረች።

ታንቲ ዜኖቢያ ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ጋዙ አልጠፋም።

"ሳርማሌው ገና ነው" አለች። "ባሌ የሞተው እዚህ ቤት ነው። ያኔ ምድር ተንቀጥቅጣ የከተማው ፎቆች በሰው ላይ ሲፈርሱም አልወጣሁም። አሁን ማን ነው የሚያስወጣኝ? ደረት ብቻ ያለው ሰው?"

"ታንቲ፣ በፈጠረሽ!" አልኳት። ልሸከማት አሰብኩ፤ እሷ ግን ከእኔ ትከብዳለች። ግድግዳው ውስጥ የሆነ ነገር ጧ አለ። ከአዲሱ ቀለም ቅርፊት ወርዶ ማርማላታው ላይ አረፈ።

"ቴዎፊል" አሉ ኢንጂነሩ፣ "ስልኩን ስጣትና ሂድ።"

ሰጠኋት። አልሄድኩም፤ ጀግንነት አይደለም፣ እግሬ ከኮሪደሩ አላልፍ አለኝ። የሳቸው ድምፅ አይለይም። የእሷን ብቻ ነው የሰማሁት። "እሺ" አለች በቁጣ። ቀጥሎ "እሺ" አለች ያለ ቁጣ። ከዚያ "ያኔ ሲፈርስ ስንተኛው ፎቅ ነበሩ?" ብላ ጠየቀች። በመጨረሻም፣ "ውይ፣ ልጄ።"

የጋዙ ቁልፍ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ካፖርቷን ደርባ፣ ስልኩን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች። "እንሂድ" አለችኝ። "ምንም እንዳትጠይቀኝ።"

ሕንጻው አልወደቀም። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ጣሪያ የሚደግፍ የብረት ፑንቴሎ አምጥተው በዶሪነል ሳሎን አቆሙ፤ እያንዳንዱን የት እንደሚቆም የሚነግሩት ክቡር ኢንጂነር ናቸው፣ የሚይዛቸው እኔ ነኝ፣ ብረቱን የሚያቀብለው ዶሪነል ነው፤ እያለቀሰ። የሠራተኞቹ አለቃ መጀመሪያ "ይሄ ደግሞ ማነው?" ብሎ ነበር፤ ኋላ ላይ "ጌታዬ፣ ይሄኛውስ?" እያለ ይጠይቃቸው ጀመር። በፀደይ ግድግዳው በብረትና በኮንክሪት ተመልሶ ሲቆም ወደየቤታችን ገባን። አዲሱ ከድሮው ስለሚወፍር የዶሪነል ኩሽና ከበፊቱ ጠበበ። ሚስቱ ቴሌቪዥኑን ሸጠችው ይባላል።

አሁን እኔ ያለሁበትን ልንገራችሁ። ጠዋት ስነሣ ግድግዳዬን አያለሁ። አንዳንድ ሰው ስንጥቅ ሲያጣ ደስ ይለዋል፤ እኔ ቅር ይለኛል፣ የምደውልበት ምክንያት የለኝማ። ባለፈው ሳምንት በመታጠቢያ ቤቴ ጥግ አንዲት መስመር አገኘሁና ልቤ ዘለለ።

"ይሄ ቀለም ነው ቴዎፊል" አሉኝ ክቡር ኢንጂነር።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ጠጋ በል።" ጠጋ አልኩ። "ቀለም ነው። ልጣጭ ነው።" ቀጥለውም "ጣትህ እንዴት ነው? ያኔ በዶሪነል ቤት ብረት ቆርጦህ ነበር" አሉኝ።

ቁስሉን እኔ ራሴ ረስቼዋለሁ። ይህን ሲሉ ነው መሰለኝ ድፍረት ያገኘሁት።

"ኢንጂነር፣ ያን ዕለት ታንቲ ዜኖቢያን ምን ብለው ነው ያስወጧት?"

ከመስታወቱ ውስጥ አዩኝ፤ ጣቴን ሳይሆን እኔን።

"ጥያቄህ ስለ ሕንጻው ነው?"

"አይደለም" አልኩ።

"እንግዲያው አልመልስልህም" አሉ።