ቅቤ የጠጣው ፍሬን

ሁሉም ነገሩ ጤነኛ ሆኖ የማይሠራ ዕቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? የተበላሸ ነገር ይፈታል፣ ይጠገናል። ደህና ሆኖ እምቢ ሲል ግን ሰው ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። እኔ ደግሞ ለመጠራጠር ብዙ አያስፈልገኝም። መካነ ሰላም ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ፤ ያሰርኩትን ሽቦ ሁለቴ ካልሳብኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጎረቤቴ ሰይድ ያገለገለ ተጎታች ቤት ገዛ። መስኮትና አልጋ አለው፤ ከፒካፕ ኋላ ይቀጠላል። ዓባይ ድልድይ አጠገብ አቁሞ ሻይ ቤት ሊያደርገው ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ እስከዚያ ያለው ቁልቁለት ነው። የተጎታቹ ፍሬን ካልያዘ ቤቱ ፒካፑን ገፍቶ ገደል ይከተዋል። ሰይድ ሜዳ ላይ ሞከረው፤ አልያዘም። እኔን ጠራኝ።

ይህ ፍሬን በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ሾፌሩ ሲረግጥ ኃይል በሽቦ ወደ ጎማዎቹ ይሄዳል፤ ማግኔት ይስብና የፍሬን ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር ይይዛል። በተራ ፈተሽኩ። ባትሪው ደህና። ሶኬቱ ደህና። ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ማሳ ሽቦም ደህና፤ ቢሆንም ዝገቱን ፍቄ እንደገና አሰርኩት። ማግኔቱም ይስባል። ከዚያ ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ሰይድ ቴስተሬን እያየ ምን እንደሚል ጠየቀኝ። ደህና ነው ይላል አልኩት።

«እንግዲያው ቁልቁለቱን እሱ ይንዳልን» አለ።

ሰይድ ሜዳው ላይ ደግሞ ነዳው፤ እኔ በጎን እየተራመድኩ ሳዳምጥ ቅቤ ሲነጠር የሚሸተው ሽታ መጣ። ማን ነው የሚያበስለው ብዬ በመስኮት አየሁ፤ ማንም የለም። ጎማውን አሸተትኩ። እሱ ነው። ታምቡሩን ስንፈታ ሸራው በቅቤ ርሷል።

የሰይድ እናት እማማ ዘሀራ ከደጃፋቸው ሆነው ያዩናል። ጭራሽ አልደነገጡም። ሰይድ ጎማዎቹን ፈትቶ ግራሶ ሲቀባ ውሎ ለሰላት ሲሄድ፣ እሳቸው ዱዓ አድርገው በቅቤ ቀብተውታል። አዲስ ንብረት ሳይቀባ ይወጣል እንዴ? ከላይ የቀቡትን ደግሞ ፀሐይ ያቀልጠዋል፤ ስለዚህ ከውስጥ፣ አሉ።

«እማማ፣ ፍሬን የሚይዘው ደረቅ ሲሆን እኮ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ማን ነገረኝ? ልጄ ያን ገደል ሊወርድ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

እኔም የፈራሁት ያንኑ ገደል ነው።

ታምቡሮቹን በቤንዚን አጥበን አዲስ ሸራ ገጠምን። ሜዳ ላይ ያዘ። እኔ ግን ሜዳ ሜዳ ነው እያልኩ ስብሰለሰል ሰይድ ሰማኝ። «ሥራህን ካመንከው አብረኸኝ ውረድ» አለ። አላመንኩትም ማለት እንዴት ይቻላል?

ጠዋት እማማ ዘሀራ ቅቤ ይዘው መጡ። ሮጬ ጎማው ፊት ቆምኩ።

«ጎማህን አልነካብህም። አንተን ነው፤ ጎንበስ በል።»

ጎንበስ አልኩ። ዱዓው ረጅም ነበር፤ ቅቤውም አልተሰሰተም።

ወረድን። በመጀመሪያው ጥምዝ ቤቱ ከኋላ ገፋን፤ ሰይድ ረገጠ፤ ያዘ። በሁለተኛውም ያዘ። ወደ በረሃው ስንቃረብ ቅቤው ቀልጦ ዓይኔ ውስጥ ገባና ገደሉን በግማሽ ብቻ አየሁት። ለዚህ ቅሬታ የለኝም።

ድልድዩ ዳር እንደቆምን የሰይድ ስልክ ጮኸ፤ እናቱ ናቸው፤ እኔን ፈልገው ነው።

«ያዘ?»

«ያዘ፣ እማማ።»

«አላልኩም?»

ስለ አዲሱ ሸራ ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። ቀና ስል ተመልሰን የምንወጣው ተራራ ከነገደሉ ከላዬ ቆሟል።

«ብለዋል» አልኳቸው።