የአቶ ገሠሠ ባሌስትራ

አቶ ገሠሠን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ነው። እንደሳቸው ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን አይገኝም፤ ካለም ገና አልተቆረቆረም። የተሰበረ ዕቃ ወደ ሠሪው ካልመለሰ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ማለቴ ነው።

ክቡርነታቸው ተጭሮ ያልበራ የክብሪት እንጨት ለባለሱቁ ይመልሳሉ። አንድ ጊዜ በዳንግላ የቀበሌ ስብሰባ መሀል ወንበር ተሰብሮ ጓድ ሊቀመንበር መሬት ላይ ዘጭ አሉ። ሁላችንም ሳቃችንን ለመዋጥ ጣራ ጣራውን ስናይ፣ አቶ ገሠሠ ብቻ ብድግ ብለው፣ «ጥፋቱ የተቀማጩ አይደለም፤ የሠራው ይጠየቅ!» አሉ። አናጢው እመሀላችን ነበር። በሳምንቱ አዲስ ወንበር ተሸክሞ መጣ።

ባለፈው ዓመት ታዲያ፣ ቤተሰባቸው የሚተዳደርባት አዲሷ ሚኒባስ ጫግኒ መንገድ ላይ ጭነት የሚሸከመው የኋላ ባሌስትራዋ እንክት ብሎ ተሰበረ። አዲስ አበባ ያለው አስመጪ፣ «ከልክ በላይ ጭነው ነው፤ አይመለከተንም» አላቸው። በራሳቸው እንዳያሠሩት አቅም የለም፤ መኪናዋ ከቆመች ቤቱም ቆመ። ሌላው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እሳቸው ሽማግሌ ሰበሰቡ።

አቶ ክንዴ፣ አቶ ወርቅአየሁ፣ ሦስተኛው እኔ። «ሰው ፊት መናገር አልችልም እኮ» ብላቸው፣ «ለዚህ ነው የመረጥሁህ፤ የሚናገርማ ሞልቷል» አሉኝ። ዝምታዬን ለቁም ነገር የፈለገው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስብራቱን በባሕር ዛፍ ግንድ ደግፈን፣ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን እንዳዘነበለች አዲስ አበባ ገባን። የአስመጪው ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ተደርድረን ቆምን።

«አባቶቼ፣ ተቀመጡ እንጂ!»

«ቤትህ ይባረክ ልጄ። እሺ ስትለን እንቀመጣለን» አሉ አቶ ክንዴ።

«ምኑን ነው እሺ የምለው?»

«እሱንማ ተቀምጠን እንነግርሃለን።»

ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ ነውር ነውና ሰውየው ተነሣ። ባለጉዳይ በሩ ላይ ተኮለኮለ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ገሠሠን ከኋላችን ሲያያቸው ነገሩ ገባው።

«ፋብሪካው ያለው ባሕር ማዶ! እኔ ምን ላድርግ?»

«ልጅ ሲያጠፋ፣ አባት ሩቅ ከሆነ አጎት ይክሳል። አንተ አጎቱ ነህ» አሉ አቶ ክንዴ።

አቶ ወርቅአየሁ መቆም ሲሰለቻቸው ግድግዳውን ተደገፉ። እኔ የተመረጥሁበትን ሥራ በትጋት ቀጠልሁ። ለምሳ መውጫ ሲቃረብ ሰውየው፣ «እሺ! ይቀየርላቸው፤ ፋብሪካውን እኔ እጠይቃለሁ!» ብሎ ጮኸ። ተቀመጥን። ሁላችንም መረቅነው።

ስንመለስ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትበራለች። ሽማግሌዎቹ ከኋላ ተኝተዋል፤ አቶ ገሠሠ መሪያቸውን ይዘው በአገውኛ ያንጎራጉራሉ። እኔም በልቤ፣ ምነው ሌላ ነገር በተሰበረባቸውና በጠሩኝ እላለሁ። እንጅባራ ስንደርስ እንዲያውም ደፈርሁ።

«ጋሼ፣ ባሌስትራው የተሰበረ ቀን ግን ጣራው ላይ ስንት ኩንታል ኑግ ነበር?»

እንጉርጉሮው ቆመ።

«መስኮቱን ዝጋው እስቲ» አሉኝ፤ «ብርድ ገባ።»