ለዕይታ የተቀመጠው ወንበር

ትናንት ማታ በሕልሜ የደረሰብኝን ለጠላቴም አልመኝም።

የነቃሁ መስሎኝ ወደ ሳሎን ብቅ ስል፣ የአባቴ ወንበር እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። የተቀመጠው ደግሞ ጎረቤቴ አቶ ደምመላሽ ጀርባ ላይ ነው። ሰውዬው በአራት እግራቸው ቆመዋል።

"እንደምን አደሩ?" አልኳቸው።

"ኧረ ዝም በይ፣ እንዳይቆረቁረው!" አሉኝ።

ይሄ ወንበር አባቴ ዕድሜ ልኩን የተቀመጠበት ነው። አባቴ ሲሞት እማዬ እኔ ጋ ልትኖር መጣች፤ ከቤቷ ይዛ የመጣችውም ወንበሩን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ቤቴን የድሮ ቤት ለማስመሰል የማልሆነው የለም። የቆመ የግድግዳ ሰዓት፣ የማይናገር ሬዲዮ፣ ደብዘዝ ያለ አምፖል፣ ብቻ ሲገቡበት ሆድ የሚያባባ ቤት! ወንበሩንም ዳንቴል አልብሼ ጥግ አስቀመጥኩትና "እማዬ፣ ለዕይታ ስለሆነ እንዳትቀመጪበት" አልኳት። እሺ አለችኝ።

በሕልሜ ግን ጌጦቹ እኛ ሆነናል። ሬዲዮው አፍንጫዬን ይዞ ወደ ግራ ሲጠመዝዘኝ የአየር ትንበያ ተናገርኩ፤ ወደ ቀኝ ሲጠመዝዘኝ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ አነበብኩ።

"ይቺማ አዲስ ናት" አለ ሰዓቱ እየተጠየፈኝ።

"ቆይ፣ እስቲ ትከዢ" አለኝ ሬዲዮው።

አንገቴን ሰበር አድርጌ ተከዝኩ። አምፖሉ በሳቅ ሊፈነዳ ደረሰ።

"ለፎቶ የለመደችው ነው! የውሸት ነው!"

ዘወር ስል እማዬን ብፌው ውስጥ አየኋት። ከብርጭቆዎቹ ጎን አቁመው ዳንቴል ጣል አድርገውባታል።

"እማዬ! ውጪ እንጂ!"

"ተይ ልጄ፣ ለዕይታ ነኝ።"

"እሷ የእውነት ናት፣ እንዳትነኳት" አለ ወንበሩ። "ይቺኛዋን ግን ለልዋጭ ስጡልኝ።"

ወዲያው ደጅ ላይ "ልዋጭ! ልዋጭ!" ተባለ። ልዋጩ ራሱ አፉን የከፈተ ጆንያ ነበር። ዞሮ ዞሮ አየኝ።

"አንድ ሳፋ እሰጣለሁ።"

"ኧረ ጨምር! ጥርሷ ሙሉ ነው እኮ!" አለ ወንበሩ።

"በቃ፣ ሳፋና አንድ ኩባያ። ከዚህ በላይ ብትሞቱ አልጨምርም!"

እኔን በሳፋ! መናደዱንስ ተናደድኩ፤ ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን እማዬን እንደቆመች ትቻት መሄዴ ነው። "ማን ሊያስቀምጣት ነው? እግሯን ያማታል!" እያልኩ ስጮህ ጆንያው ዋጥ አደረገኝ። ባነንኩ።

ረፍዷል። ከወደ መንገዱ "ልዋጭ! ልዋጭ!" የሚል ድምፅ እየራቀ ይሰማል። ተስፈንጥሬ ሳሎን ገባሁ። ጥጉ ባዶ ነው። ዳንቴሉ በሥርዓት ተጣጥፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

እማዬ በረንዳው ላይ፣ አዲስ ቀይ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች።

"እማዬ! የአባዬ ወንበርስ?"

"ለወጥኩት።"

"እንዴት አስቻለሽ?"

"ምን ላድርግ ልጄ? ሦስት ወር ሙሉ ቆሜ አየሁት እኮ።"

ይህን ብላ በዚያች በማትበቃ በርጩማ ላይ ጠጋ አለችልኝ።

"ነይ፣ ይሄኛው ይቀመጡበታል።"